ከግራፍ ወደ ካርቶን፦ ከሽያጭ ትንበያ ሞዴል ቁጥር ስለማውጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሽያጭ መዝገባቸውን ኮምፒውተር ላይ አስገብተው፣ ሞዴል (ካለፈው ሽያጭ ተምሮ የሚመጣውን የሚገምት ፕሮግራም) አሠርተው፣ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ስንት ልዘዝ?» ለሚሉ ነው። ደሴ ላይ በጅምላ የምትሸጡ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ያላችሁ፣ ወልድያ ወይም ባቲ ሱቅ የከፈታችሁ፣ ወይም ለቤተሰብ ሱቅ ሒሳቡን የምትሠሩ ወጣቶች ይጠቅማችኋል። የካርቶንና የብር ምሳሌዎቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው። የበዓላቱና የጾሞቹ ቀኖች ግን እውነተኛ ናቸው። የወሎን ሽያጭ ያለ እነሱ መተንበይ አይቻልም።

ሞዴሉ ግራፍ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ቁጥሩ የት አለ?

ግራፉ የተሳለው ከቁጥር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አለ። የተቀመጠበትን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኤክሴል ከ2016ቱ እትም ጀምሮ «ፎርካስት ሺት» የሚባል ነገር አለው። «ዳታ» የሚለው ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስትጫኑት አዲስ ሺት ይከፍትና ግራፉን ከሠንጠረዥ ጋር ያወጣል። ሠንጠረዡን ወደ ታች ውረዱ። የእናንተ ሽያጭ ካለቀበት ቀን በኋላ ሦስት ዓምዶች ይሞላሉ፦ ትንበያው፣ ዝቅተኛው ወሰን፣ ከፍተኛው ወሰን። የምትፈልጉት ቁጥር እዚያ ነው።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ፕሮፌት የሚባለውን የትንበያ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ «ፕሬዲክት» የሚለው ትእዛዝ የሚመልሰው ሠንጠረዥ ነው። «ዲኤስ» ቀኑ ነው። «ዋይሃት» ትንበያው ነው። «ዋይሃት ሎወር» እና «ዋይሃት አፐር» ወሰኖቹ ናቸው። ሌሎቹን ዓምዶች ለጊዜው ተዉአቸው። አራቱን ብቻ መርጣችሁ ወደ ኤክሴል ብታወጡ ሥራው አለቀ።

አሪማ በሚባለው የትንበያ ዘዴ የሠራችሁ ደግሞ «ፎርካስት» በሚለው ትእዛዝ ስንት ሳምንት ወደፊት እንደምትፈልጉ ትነግሩታላችሁ። 8 ካላችሁት 8 ቁጥር ይሰጣችኋል። ወሰኖቹንም ከፈለጋችሁ «ጌት ፎርካስት» ይሻላል።

ቁጥሩን አገኘሁት፣ ግን ያለፈው ዓመት ሽያጭ ይመስላል።

ያለፈው ዓመት ሽያጭ ስለሆነ ነው። ፕሮፌት የወደፊቱን ቀኖች ስታስቆጥሩት፣ ካልከለከላችሁት በቀር የድሮዎቹንም ቀኖች አብሮ ይደረድራል። ስለዚህ የሠንጠረዡ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሞዴሉ ያለፈውን እንዴት እንደተረዳው ነው የሚያሳዩት። ወደፊት ያለው መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻውን የሽያጭ ቀናችሁን እዩና ከዚያ በኋላ ያሉትን ብቻ ቁረጡ።

ሞዴሉ 5.3 አለኝ። እኔ በሳምንት 200 ካርቶን ሳሙና ነው የምሸጠው። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ቁጥሩ ገና ወደ ካርቶን አልተመለሰም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ሞዴል ከመሠራቱ በፊት ዳታው ብዙ ጊዜ መልኩ ይለወጣል። የተለወጠው ነገር ሁሉ፣ ትንበያው ከወጣ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ሦስት ዓይነት ለውጥ አዘውትሮ ያጋጥማል።

አንደኛው ሎጋሪዝም ነው። ሽያጩ በሎግ ከተሠራ 5.3 ማለት ወደ 200 ካርቶን ነው። ኤክሴል ላይ «ኤክስፕ» በሚለው ቀመር ትመልሱታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እንዲህ የተመለሰ ቁጥር መካከለኛው (ሽያጩ ግማሹን ጊዜ ከሱ በላይ፣ ግማሹን ከሱ በታች የሚውልበት) ነው እንጂ አማካዩ አይደለም። የብዙ ሳምንት ድምር ስትሠሩ ትንሽ ዝቅ ይልባችኋል።

ሁለተኛው ልዩነት መውሰድ ነው። ሞዴሉ የተሠራው በሽያጩ ሳይሆን ካለፈው ሳምንት በጨመረው ወይም በቀነሰው ከሆነ፣ 12 ማለት «12 ይጨምራል» ነው። ያለፈው ሳምንት 180 ከነበረ የሚቀጥለው 192 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ በ192ቱ ላይ ይደመራል፤ በ180ው ላይ አይደለም። አሪማ ራሱ ልዩነቱን እንዲወስድ ካዘዛችሁት ግን እሱው ይመልስላችኋል። መመለስ ያለባችሁ በእጃችሁ የቀነሳችሁትን ነው።

ሦስተኛው ከ0 እስከ 1 ማጥበብ ነው። ነርቭ ኔትወርክ የሚባለውን የሞዴል ዓይነት የሚጠቀሙ ልጆች ይወዱታል። ዝቅተኛው ሽያጫችሁ 40፣ ከፍተኛው 360 ከነበረ፣ 0.5 ማለት 200 ካርቶን ነው። ለማጥበብ የተጠቀማችሁበትን መለኪያ አስቀምጡት። ከጠፋ ትንበያው ምንም አይነግራችሁም።

ሞዴሉን ሌላ ሰው ከሠራላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ይሄ ቁጥር በምንድነው? በካርቶን ነው?» መልሱ ወዲያው ካልመጣ ገንዘብ አታውጡበት።

ደብተሬ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። እንዳለ ብጽፈው ችግር አለው?

ከፍተኛ ችግር አለው፤ የሚከፋው ደግሞ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። 1/1/2017 ብላችሁ መስከረም 1ን ስትጽፉ፣ እሱ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ብሎ ያነበዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ስታስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንም በ13ኛ ወር ስለሚጻፍ እንደዚያው። የፈረንጆቹ 31ኛ ቀኖች ደግሞ በሙሉ ባዶ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን የሳምንቱ ቀን መሳቱ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ሞዴሉ ሰኞን አያውቃትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኖቹን በሙሉ ወደ ፈረንጆቹ ቀይሩ። ትንበያው ሲወጣ መልሳችሁ ወደ እኛ ቀይሩት። መቀየሪያችሁ ልክ መሆኑን ለመፈተን፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ረቡዕ መሆን አለበት።

በወር ብሠራውስ? ጳጉሜን ምን ላድርጋት?

በወር የምትሠሩ ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ከያዛችኋት ዓመቱ 13 ወር ነውና ሞዴሉን «ዑደቱ 13 ነው» በሉት። ከነሐሴ ጋር ከደመራችኋት 12 በሉት። አብዛኛው ፕሮግራም ዝም ከተባለ 12 ብሎ ይገምታል። 13 ረድፍ ሰጥታችሁት 12 ካለ፣ በየዓመቱ አንድ ወር እየተንሸራተተ መስከረምን ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር ያወዳድራል።

እኔ ግን በሳምንት እንድትሠሩ ነው የምመክረው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በ4 ዓመት አንዴ፣ እንደ 2015 ባለ ዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። ለሳምንት ይህ ሁሉ ጣጣ የለውም። እቃ የምታዙትም በሳምንት አይደል?

ሞዴሉ በዓልን ጨርሶ አያውቅም። ለዒድ ዝቅ፣ ለፋሲካ ዝቅ ብሎ ይተነብያል። ለምን?

ይህ ወሎ ላይ የሁሉም ጥያቄ እናት ነው። ሞዴሉ የዓመቱን ዑደት የሚማረው በፈረንጆቹ ቀን ነው። በዓሎቻችን ግን ሁለት ዓይነት ናቸው።

አንዳንዶቹ ቦታቸውን አይለቁም። አምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም መስከረም 21 ትነግሣለች፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ነው፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ኦክቶበር 2። በዚያ ሰሞን በደሴና በሐይቅ በኩል የሚያልፈውን ምእመን አስቡት። ሞዴሉ ይህን በተወሰነ ደረጃ ራሱ ይደርስበታል፤ ከፍታውን ግን ጎረድ አድርጎ ነው የሚያወጣው።

ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ዒድ አልፈጥር በ2015 ሚያዝያ 13 ነበር። በ2016 ሚያዝያ 2፣ በ2017 ደግሞ መጋቢት 21 ዋለ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። አረፋና መውሊድም እንደዚሁ። ፋሲካ ደግሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል፦ በ2015 ሚያዝያ 8፣ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12። እነዚህን ሞዴሉ በራሱ ሊያውቃቸው አይችልም። ያለፈው ዓመት ዒድ የዋለበትን ሳምንት ይይዝና ዘንድሮም እዚያው ሽያጭ ይጠብቃል።

መፍትሔው የበዓላት ሠንጠረዥ ሠርቶ መስጠት ነው። ሁለት ዓምድ ይበቃል፦ የበዓሉ ስምና ቀኑ። ፕሮፌት ይህን በቀጥታ ይቀበላል። ሦስት ነገር ግን አትርሱ። ሠንጠረዡ ያለፉትን ብቻ ሳይሆን የሚመጡትንም በዓላት መያዝ አለበት፤ የሚመጣው ዒድ ካልተጻፈ ትንበያው ውስጥ አይገባም። ገበያው የሚደራው ከበዓሉ በፊት ስለሆነ «ከ7 ቀን በፊት ጀምሮ» ብላችሁ መስኮቱን (ሞዴሉ የበዓል ብሎ የሚቆጥራቸውን ቀኖች) አስፉለት። ዳታችሁ ሳምንታዊ ከሆነ ደግሞ የበዓሉን ቀን ሳምንቱ ወደተመዘገበበት ቀን አምጡት። ለምሳሌ ሳምንቱን በሰኞ ከመዘገባችሁ፣ እሑድ የሚውለውን ፋሲካ በዚያ ሳምንት ሰኞ ላይ ጻፉት። አለበለዚያ ቀኖቹ ስለማይገናኙ ሞዴሉ ዘልሎት ያልፋል። የጨረቃው ጉዳይ የአንድ ቀን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በቀን የምትሠሩ ለዒድ መስኮቱን አንድ ቀን ጨምሩለት።

ጾሞቹ ላይ ሌላ ከበድ ያለ ነገር አለ። በ2016 ረመዳንም ዐቢይ ጾምም መጋቢት 2 ቀን ነበር የጀመሩት። በ2017ም ተደራርበው ነበር፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ታዲያ ዘይት ሲጨምር፣ ያስጨመረው የሳምቡሳው መጥበሻ ነው ወይስ የጾሙ ወጥ? ሞዴሉ የእነዚህን ዓመታት ዳታ ብቻ ካየ ሊለያቸው አይችልም። ሁለቱን ለየብቻ ብትሰጡት አንዱን አጋንኖ ሌላውን አሳንሶ ሊያወጣ ይችላል። ድምሩ ግን ደህና ይሆናል።

የምትተነብዩት ጾሞቹ የሚደራረቡበትን ዓመት ብቻ ከሆነ፣ «ጾም» ብላችሁ በአንድ ስም አስገቧቸው። መለየት ካለባችሁ ግን የቆየ ደብተር ፈልጉ። በ2012 ረመዳን የገባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ያ ዓመት ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። ችግሩ ኮሮና የገባበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ። ከዚያ በፊት ያለ መዝገብ ካላችሁ ወርቅ ነው፣ አትጣሉት።

የባቲን ሰኞ ሞዴሉ ራሱ ያገኘዋል?

በቀን ከሠራችሁ፣ አዎ። ፕሮፌት የሳምንቱን ቀናት ልዩነት ራሱ ይማራል። በሳምንት ከሠራችሁ አያስፈልጋችሁም፤ እያንዳንዱ ሳምንት አንድ ሰኞ ይዟል። መጠንቀቅ ያለባችሁ የጅምላ ነጋዴዎች ናችሁ። የባቲ ቸርቻሪ ለሰኞ የሚሸጠውን ከኮምቦልቻ የሚያነሣው ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ ከፍተኛ ቀን ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን መዝገብ እመኑ።

አንድ ቁጥር ነው የምፈልገው። ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ምን ያደርግልኛል?

የምታዙት መጠን የሚወሰነው በእሱ ስለሆነ ነው። ሞዴሉ ለሚቀጥለው ሳምንት 190 ካርቶን ብሎ፣ ከ150 እስከ 230 የሚል ወሰን ሰጠ እንበል። ፕሮፌት ካልለወጣችሁት በቀር የሚሰጠው 80 በመቶ ወሰን ነው። ከ10 ሳምንት በ8ቱ ሽያጩ በእነዚህ መካከል ይውላል፤ በ1ዱ ከ150 ያንሳል፣ በ1ዱ ከ230 ይበልጣል ማለት ነው። 190 መሐል ላይ ያለ ቁጥር ነው። ሁልጊዜ 190 ካዘዛችሁ ከሁለት ሳምንት በአንዱ እቃ ያልቅባችኋል።

ታዲያ ስንት? ሁለት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ካርቶን ጎድሎ ደንበኛ ቢመለስ የማጣው ትርፍ ስንት ነው? አንድ ካርቶን ተርፎ ቢያድር የምከስረውስ? የመጀመሪያው 30 ብር፣ ሁለተኛው 10 ብር ከሆነ፣ 30ን ለ40 አካፍሉ። 0.75 ይመጣል። ስለዚህ ከመቶ 75 ጊዜ የሚበቃችሁን መጠን ነው ማዘዝ ያለባችሁ። ይህ በ190 እና በ230 መካከል፣ ግማሽ መንገድ አካባቢ ነው፦ 211 ካርቶን ገደማ።

ሳሙናና ፓስታ ስለማይበላሹ ወደ ላይኛው ወሰን ትጠጋላችሁ። ቲማቲም ወይም ዳቦ ከሆነ ተርፎ ማደሩ ኪሳራ ነውና ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ሞዴሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢሰጥም ትእዛዙ ለየእቃው የተለያየ ነው። ይህን ውሳኔ ለኮምፒውተሩ አትተዉለት፤ ትርፋችሁንና ኪሳራችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የአራት ሳምንት ነው የማዘው። የአራቱን ከፍተኛ ወሰን ብደምርስ?

አይሆንም፤ መጋዘኑ ይሞላባችኋል። ትንበያዎቹን መደመር ይቻላል፦ 190 በ4፣ 760። ወሰኖቹን ግን አትደምሩ። አራቱም ሳምንት በአንድ ላይ ከፍተኛውን የሚመቱበት ዕድል ትንሽ ነው። የየሳምንቱ ስሕተት እርስ በርሱ ካልተያያዘ፣ ከ760 በላይ የምትጨምሩት 160 ሳይሆን 80 አካባቢ ነው። በተግባር ግን አንዱ ሳምንት ሲቀዘቅዝ ቀጣዩም ይቀዘቅዛልና እውነቱ በሁለቱ መካከል ይውላል። ፕሮፌት ላይ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ ትንበያዎችን የሚያወጣውን «ፕሬዲክቲቭ ሳምፕልስ» የሚለውን ትእዛዝ ብትጠቀሙ የድምሩን ወሰን ለማስላት ይረዳችኋል።

በብር ነው ወይስ በብዛት ልተንብይ?

በብዛት። ያለ ማመንታት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በብር የተሠራ ሞዴል የዋጋ ጭማሪውን የገበያ ዕድገት አድርጎ ያየዋል። የካርቶኑ ቁጥር ወርዶ ብሩ ሊወጣ ይችላል። በካርቶን ተንብዩና በዛሬው ዋጋ አባዙት።

ዜሮ የሆኑ ሳምንታት አሉኝ። እንዳሉ ልተዋቸው?

ዜሮው ከየት እንደመጣ ይወስነዋል። እቃ ኖሮ ገዢ ከጠፋ ዜሮ እውነተኛ ነው፣ ተዉት። እቃ አልቆባችሁ ከሆነ ግን ዜሮ አይደለም፤ ፈላጊ ነበረ፣ አላገኘም። ባዶ አድርጉት። ዜሮ ብላችሁ ከጻፋችሁት ሞዴሉ ትንሽ እዘዙ ይላችኋል፣ ትንሽ ስታዙ ደግሞ ያልቅባችኋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ የደረሰባቸው የ2014 ጥቅምትና ኅዳር ሳምንታትም እንዲሁ ባዶ ይሁኑ። በስተ ሰሜን ያላችሁ ደግሞ ከዚያ የረዘመ ነው፤ የራሳችሁን ቀን ታውቁታላችሁ። እነዚያ ሳምንታት ስለ ገበያ የሚነግሩን ነገር የለም። ፕሮፌት ባዶ ቦታን ችሎ ያልፋል። ኤክሴልና አንዳንድ ሞዴሎች ግን ባዶውን በግምት ይሞሉታልና ምን እንደሞሉ እዩ።

183.6 ካርቶን አለኝ። ሌላው ደግሞ ከዜሮ በታች ወጣ።

ክፍልፋዩን መጨረሻ ላይ፣ ከደመራችሁ በኋላ አጠጋጉት። ከዜሮ በታች የወጣውን ዜሮ አድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ግን እቃው አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸጥ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ክሮስተን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዘዴ ይሻላል።

ምን ያህል ወደፊት ልተንብይ?

እቃ ካዘዛችሁበት ቀን እስኪደርሳችሁ ያለውን ጊዜና እስከሚቀጥለው ትእዛዝ ያለውን ደምሩ። ያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ወሰኑ እየሰፋ ስለሚሄድ ለትእዛዝ አይረባም።

ሞዴሉ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የመጨረሻዎቹን 8 ሳምንታት ደብቁበትና እንዲተነብይ አድርጉት። ከዚያ ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር አወዳድሩ። በዘፈቀደ ከመሐል እየመረጣችሁ አትደብቁ፤ ነገን አሳይታችሁ ትናንትን መጠየቅ ይሆናል።

ስሕተቱን በካርቶን ለኩት። «በአማካይ በ22 ካርቶን ይስታል» ሲባል ለነጋዴ ይገባል። በመቶኛ የምትለኩ ከሆነ ሽያጩ ዜሮ የሆነበት ሳምንት ሒሳቡን ያፈርሰዋል።

አሁን ዋናው ፈተና፦ «ያለፈው ሳምንት የተሸጠው ይደገማል» የሚለውን ተራ ግምት አብራችሁ ለኩ። ሞዴሉ ይህን ካልበለጠ አያስፈልጋችሁም። ይህ ማጋነን አይደለም። ስፓይሮስ ማክሪዳኪስ እ.ኤ.አ. በ1982 ውጤቱን ባወጣው የትንበያ ውድድር 1,001 ተከታታይ ዳታዎች ተፈትነው፣ የተወሳሰቡት ዘዴዎች ከቀላሎቹ የግድ እንደማይበልጡ ታይቷል።

የአንድ ዓመት መዝገብ እንኳ የለኝም። ልጀምር?

ለሞዴል ገና ነው። የዓመቱን ዑደት ለመማር ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ያለፉትን 4 ሳምንታት አማካይ ያዙ፣ በዓል ሲመጣ በራሳችሁ ልምድ ጨምሩበት። መዝገቡን ግን ዛሬ ጀምሩ። አምስት ዓምድ በቂ ነው፦ ቀን፣ እቃ፣ የተሸጠ ብዛት፣ ዋጋ፣ እና እቃው አልቆ ከሆነ «አልቋል» የሚል ምልክት። አምስተኛውን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ በኋላ ሊተካ የማይችለውም እሱ ነው።

ልጁ ሞዴሉን ሠርቶልኝ ሄደ። በየሳምንቱ እኔ ምን ላድርግ?

እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሽያጭ አስገቡና ሞዴሉን እንደገና አስኪዱት። የባለፈው ሳምንት ትንበያ ጎን እውነተኛውን ጻፉ። ለተከታታይ 4 ሳምንት በአንድ አቅጣጫ ከሳተ፣ ሁልጊዜ ከፍ ወይም ሁልጊዜ ዝቅ ካለ፣ ገበያው ላይ ሞዴሉ የማያውቀው ነገር ገብቷል። ጎረቤት አዲስ ሱቅ ተከፍቶ ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፣ ዋጋ ተለውጦ ይሆናል። ያን ጊዜ ለልጁ ደውሉና የተለወጠውን ንገሩት።